ቢራ የማይጠጣው የቢራ ወረቀት ሰብሳቢ

በሆሳዕና ከተማ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ሰካራም የተባለ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ በማንም አላመካኝም።

ጠና ኤርሲዶ እባላለሁ። የተወለድኩት ፎንቆ አጠገብ ነው። በደርግ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ ማስገባት፣ ሲፈለግ ደግሞ ማጣት ነበር። በማጣቱ የሚወዳደረኝ አልነበረም። አለቆቼ ያላባረሩኝ ለእጅ ጽሑፌ ሲሉ ይመስለኛል። ለስብሰባ ጥሪ፣ ለምስክር ወረቀት፣ በር ላይ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚጠሩት እኔን ነበር። ፊደል አሳምሬ ስጽፍ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር፤ የጻፍኩት «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ቢሆንም።

ቤተሰቤ የወንጌል አማኝ ነው። ባለቤቴ ጣቢታ የወንጌላዊ ልጅ ናት። እንኳን ቢራ፣ ባዶ የቢራ ሳጥን ቤታችን ቢገባ አባቷ ደጃፋችንን አይረግጡም ነበር። እኔም ብሆን መጠጥ አምሮኝ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። መናኸሪያው አጠገብ ቡና ቤት ለነበራቸው ለወይዘሮ እልፍነሽ ደብዳቤ እንዳደርስ ተላክሁ። ወይዘሮ እልፍነሽ ፍሪጅ ስላልነበራቸው ቢራውን የሚያቀዘቅዙት በግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር። ጠርሙሱ ውኃ ውስጥ ሲያድር ሙጫው ይለቃል፤ ወረቀቱም ተላቆ ከላይ ይንሳፈፋል። እርሳቸው እስኪፈርሙልኝ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ወደ ውኃው ሳይ፣ አንድ የጊዮርጊስ ቢራ ወረቀት ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። ፈረሱ፣ ፈረሰኛው፣ ጦሩ፣ ከሥር ዘንዶው። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ በሰው እጅ ውስጥ፣ በጣት ተሸፍኖ ነበር። ለብቻው ሲሆን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ጦሩ ከላይ ወደ ታች በሰያፍ ይወርዳል፤ ዓይኔም ዘንጉን ተከትሎ ሳላዝዘው ዘንዶው ላይ ያርፋል። ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን ብዬ ተደነቅሁ። ሳላስበው እጄን በርሜሉ ውስጥ እስከ ክርን ከትቼ አወጣሁት።

ወይዘሮ እልፍነሽ ፈርመው ቀና ሲሉ እጅጌዬ ይንጠባጠባል።

«ምን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ምንም። ይህን ወረቀት ልውሰደው?»

«ቢራውን ትተህ ወረቀቱን?»

«አልጠጣም እኔ።»

ትንሽ አዩኝና፣ «ውሰደው፣ የኔ ልጅ። ሌላም ሞልቷል» አሉ። አነጋገራቸው ለታመመ ሰው እንደሚያዝኑ ዓይነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር እገባና የሳምንቱን ከበርሜሉ እለቅም ጀመር። በፊት በር መግባት አፈርኩ። ጴንጤው ጠና በጓሮ በር ወደ ቡና ቤት ሲገባ ያየ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ስብስቡ እየሰፋ ሄደ። ጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፈውን የሜታን የአንገት ወረቀት ከዋናው አብልጬ እወደው ነበር፤ ጠባብ ቦታ ላይ ያን ያህል ነገር ማስፈር ለእኔ ጥበብ ነው። ከአሥመራ ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ የዚያን አገር ቢራ ወረቀት ሦስት አመጣልኝ። ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ የተመለሰ የእርሻ ባለሙያ ደግሞ አንዲት ሰጠኝ፤ ፊደሏ እንደ ብረት አጥር የሾለ፣ አንድም ቃል ያልገባኝ፣ ግን ስንት ቀን በኪሴ ይዣት የዞርኩ። ከሁሉም የምሳሳላት ግን በማተሚያ ቤት ስሕተት የተበላሸች አንዲት ወረቀት ነበረች። የማን ፋብሪካ እንደሆነች አልናገርም። ቀዩ ቀለም ከቦታው የፀጉር ያህል ስለተንሸራተተ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጠርዝ አለው። ፊደሎቹ የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ሰዎች ጠጥተው የሚያዩትን እኔ ሳልጠጣ በዚህች ወረቀት አየሁት።

የማስቀምጣቸው ከመሥሪያ ቤት በተጣለ የተማሪ ስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ነበር። በስም ዓምዱ የቢራውን ስም እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ነጥብ፣ ከተቀደደ ወይም የአንገቱ ከጎደለ «ቀሪ» እላለሁ። ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። የመንግሥት ፋይል እንዲህ ብይዝ ኖሮ የመምሪያ ኃላፊ በሆንኩ ነበር።

ያዋረደኝ መስኮቱ ነው። የረጠበውን ወረቀት ያለ ጭምደዳ ለማድረቅ ከመስታወት የተሻለ ነገር የለም። ሙጫ ያለበት ጀርባው መስታወቱን እንዳይዝ ሥዕሉን ወደ መስታወቱ አድርጌ እለጥፈዋለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ነጭ ጀርባው ነው። ለመንገደኛው ግን ሥዕሉ በሙሉ ይታያል። የመኝታ ክፍላችን መስኮት ወደ ዋናው መንገድ ነው። በዚህ ዓይነት ለሁለት ዓመት ያህል ቤቴን በቢራ ማስታወቂያ አሸብርቄ ስኖር አላወቅሁም። አንድ የመንገድ ሰው በር አንኳኩቶ ጣቢታን «ቀዝቃዛ አለ?» ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ።

በሩን ዘግታ ወጥታ መስኮቱን ከውጭ አየች። ተመልሳ ስትገባ አልጮኸችም። ጣቢታ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«ሰካራም ባገባ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሰካራም ቢያንስ ጠዋት ይሻለዋል።»

«ወረቀት እኮ ነው፣ ጣቢታ።»

«ኮትህ ቢራ ቤት ቢራ ቤት ይሸታል። አባቴ ሲሰሙ ወረቀት ነው ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

ከአባቷ በፊት የሰሙት ጋሽ ሽብሩ ነበሩ። ጋሽ ሽብሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎት በየቤቱ በሚደረግበት በዚያ ጊዜ እኛን ሰብስበው የያዙ የተከበሩ ሰው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጣቢታ ወንበር ሰጥታቸው ወደ ጓዳ ገባች፤ ለመስማት የሚመቸው እዚያ ነው።

«ጠና፣ እኔ ልፈርድብህ አልመጣሁም» አሉ። «ወንድሞች በጓሮ በር አይተውሃል። እውነቱን ንገረኝ።»

እውነቱን በአፍ ከምናገር ላሳያቸው ብዬ መዝገቡን አመጣሁና ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። ይህም ሌላው ብልሃቴ ነው። መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፤ ቢራ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ቀሪ። ገለጡ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«የጠጣኸውን በቀን በቀን ትጽፋለህ?» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ኧረ የለም፣ ጋሼ። ነጥቡ ወረቀቱ ሙሉ ነው ማለት ነው።»

ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ስለ ሰያፉ ጦር ነገርኳቸው፤ ስለ ተንሸራተተው ቀይ ነገርኳቸው። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ዝም ብለው ሲገልጡ ቆዩና አንድ ገጽ ላይ እጃቸው ቆመ። ከአሥመራ ከመጡት አንዷ ነበረች።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ከማመኔ በፊት ሹፌር ነበርኩ። ምጽዋ ድረስ ጭነት እጭን ነበር።» ጣታቸውን ወረቀቷ ላይ ሳያሳርፉ አየር ላይ ይዘውት ቆዩ። «ሙቀቱ አይጣል ነው እዚያ።» ከዚያ መዝገቡን ዘጉና በጣም አጭር ጸሎት ጸለዩልን። ሲወጡ በሩ ላይ፣ «መስኮቱ ላይ አትለጥፍ። ሌላውን እኔ ለወንድሞች እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

ጣቢታ ከጓዳ ስትወጣ በፊቷ ላይ የነበረውን መግለጽ ያቅተኛል። ያዘነችው ለእኔ ይሁን ለጋሽ ሽብሩ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በዚህ አብቅቶ ቢሆን ደግ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎች በዓል በአውራጃ ደረጃ ሊከበር ሆነና ካድሬው ጓድ ወንዳፈረው አስጠራኝ። ወንዳፈረው ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያነሰው የሚመስል ሰው ነበር።

«እጅህ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ጓድ ጠና። ትልቅ ሰሌዳ እንፈልጋለን። ሦስት ሜትር በሁለት። ሕዝቡ መሃይምነትን ሲያሸንፍ የሚያሳይ። ስንት ቀን ይበቃሃል?»

«ሦስት ሳምንት» አልኩ። ሰሌዳ ቀርቶ በር ቀብቼ አላውቅም።

ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎብኝ ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ሐዲያ የፈረስ አገር ነውና ገበሬውን ፈረስ ላይ አስቀመጥኩት። መሃይምነትን በምን ልመስለው ብዬ ሳስብ ቆየሁና አውሬ ይሁን አልኩ፤ ረጅም፣ ጅራቱ የተጠመዘዘ። ለገበሬው ጦር የሚያህል ብዕር ሰጠሁት። ብዕሩ ከላይ ወደ ታች በሰያፍ ይወርዳል። ፈረሱን ነጭ አደረግሁት፤ ነጭ ከሩቅ ይታያል ብዬ። በዙሪያው የወርቅ ቀለም ያለው ሞላላ ጠርዝ ሠራሁ፤ በግራና በቀኝ የገብስ ዛላ፤ ከላይ «በብዕር መሃይምነትን እንወጋለን» የሚለውን እንደ ቀስት አጉብጬ ጻፍኩት። ማታ ማታ ቤት እየገባሁ ለጣቢታ፣ «ከራሴ አፍልቄ የሠራሁት ነው» እላት ነበር። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በዓሉ ቀን ሜዳው ጢም አለ። ከዱራሜም ከአንጋጫም ሰው በመኪና ተጭኖ መጥቷል፤ ከሙዱላ በእግር የመጡም ነበሩ። እኔ የሠርግ ኮቴን ለብሼ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ሁለት ተመራቂዎች የተሸፈነበትን አቡጀዲ ገመዱን ስበው ጣሉት።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሕዝቡ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የት ነበር የማውቀው እንደሚል ሰው ያይ ጀመር። አየሩ ፀጥ ባለበት ከኋላ፣ የመናኸሪያው ጭነት አውራጅ ቸኮል፣ ሁልጊዜ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት በሚያዝበት ድምፁ፣

«አንድ ጊዮርጊስ» አለ።

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ ወደ ፊት መጣ። እኔ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሰሌዳዬን አየሁ። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የቢራ ወረቀት ነበር። የአንገቱ ብቻ ነው የጎደለው።

ማክሰኞ ዕለት ለሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራሁ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ቸኮልም ሳይቀር ተጠርቷል። ወንዳፈረው ተነሣና፣ «ሥዕሉ ቢራ ይመስላል የሚል ወሬ አለ። በእርግጥ ይመስላል የሚል ጓድ ካለ እጁን ያውጣ» አለ።

ማንም አላወጣም። ይመስላል ማለት ወረቀቱን አውቀዋለሁ ማለት ነው፤ ወረቀቱን አውቀዋለሁ ማለት ደግሞ የት አየኸው ያስብላል። ወንዳፈረው ራሱ በሳምንት ሦስት ቀን ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ጥጉ ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ በጓሮ በር ስገባ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እርሱም እኔን አይቶኛል። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ሁለታችንም ጣሪያውን አየን።

«ጓድ ቸኮል፣ አንተ ምን ብለህ ነው?»

«ያየሁትን ነው ያዘዝኩት» አለ ቸኮል።

ከዚያ መምህር ኃይለመለኮት ተነሡ። ከጎጃም የመጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም። በሰሌዳው ተቀይመው እንደሆነ ፈርቼ ነበር።

«እኔ ሥዕሉን የማውቀው ከቢራ በፊት ነው» አሉ።

«ከየት?» አለ ወንዳፈረው።

«ከልጅነቴ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፈረሱ ጥሩ ነው። የኋላ እግሩ ግን አጥሯል።» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ የሚናገር ሰው ከጠፋ እኔ ልናገር ብዬ ተነሥቼ ግለ ሂሴን አደረግሁ። ለሦስት ዓመት የቢራ ወረቀት ስሰበስብ እንደኖርኩ፣ ዓይኔ ከዚያ ሌላ ሥዕል እንዳልተማረ፣ ተንኮል እንደሌለብኝ ተናዘዝኩ።

«ይህን ሁሉ ስትሰበስብ ስንት ጠጥተሃል?» አለ ወንዳፈረው።

«አንድም።»

ሰው ሁሉ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። በስብሰባው ላይ ከተነገረው ሁሉ ያልታመነ ነገር ይህ ብቻ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ እንኳ «ጓዱ አልጠጣሁም በማለት ለመሸሸግ ሞክሯል» ተብሎ ተጻፈ። የማውቀው እኔ ራሴ ፋይል ስላደረግሁት ነው።

ውሳኔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ስብስቤ የንዑስ ከበርቴ አዝማሚያ ስለሆነ መዝገቡ ተወስዶ መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ፈረሱ በትራክተር ይተካ። ትራክተሩን በአራት ቀን ቀባሁት። ትራክተር መሳል እንደማልችል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ፊቱ የፈረስ ሆነብኝ። ገበሬው ትራክተሩ ላይ ቆሞ በብዕር አውሬ ሲወጋ አይቶ ያዘነ እንጂ የሳቀ አልነበረም። ሰሌዳው መናኸሪያው ፊት ለፊት ተተክሎ ሦስት ክረምት ዘነበበት፤ ርካሹ ቀለም እየታጠበ ነጩ ፈረስ በትራክተሩ ውስጥ ብቅ አለ። ወይዘሮ እልፍነሽ ገበያቸው ጨመረ ይባላል። እኔ አልጠየቅኋቸውም።

መዝገቡን በተመለከተ ግን ካድሬዎቹ አንድ ነገር ዘነጉ። «መሥሪያ ቤት ይቀመጥ» ሲሉ ፋይል የሚያስቀምጠው እኔ ነኝ። ወንዳፈረው በደብዳቤ ላከልኝ፤ ተቀብዬ ቁጥር ሰጠሁትና ከበሩ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፋይል ያለበትን ቦታ በትክክል አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስብስቤን የተመለከትኩት በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ደመወዝ ነው። አዲስ ወረቀት ሳገኝም «ተጨማሪ ማስረጃ» ብዬ ማኅተም እየመታሁ አስገባ ነበር። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ወፍራም ከሆኑት የአውራጃው ፋይሎች አንዱ የእኔ ወንጀል ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ አንድ ቀን ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ በር ተሰበረ። እኔ ቤት ተደብቄ ነበር፤ ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽም። ሰው ወንበር ተሸክሞ፣ የጽሕፈት መኪና ታቅፎ፣ መጋረጃ ጠቅልሎ በደጃችን ያልፋል። ጣቢታ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የት ነው ብዬ ሳልጨርስ ከሰዎቹ መሃል ገባች። ስትቆይ በሕይወቴ ሙሉ የፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋ ሥር የስም መጥሪያውን መዝገብ ይዛለች። ጫማዋ አንዱ የለም።

«ወንበር አልነበረም?» አልኳት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር አጥተን ስንቸገር ነበር የከረምነው።

«ነበር» አለች። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ገለጠችው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ እጇ ስትገልጠው የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ አየችና፣ «ይህኛው ገጽ ረጥቧል። ሳይጣበቅ አድርቀው» ብላ እግሯን ልትታጠብ ሄደች።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሣሁና የት እንደምለጥፋቸው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ከጓሮ ድምፅዋ መጣ።

«መስኮቱ ላይ አድርገው። ዛሬ ማን ያያል።»